ተሰበረብኝ

ባሕር ዳር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ። ሰውዬው ቃል ሲወድ ለጉድ ነው። ቡና ልንጠጣ ከተቀጣጠርን ቡናው እስኪበርድ ድረስ አንድ ግስ እያገላበጠ ያሳየኛል። በቀደም ያወጋኝ እንግሊዞች ስላሏቸው ባለ ጅራት ግሶች ነበር። አንድ ተራ ግስ ይወስዱና ከኋላው «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «አፕ» የምትል ትንሽ ጅራት ይቀጥሉበታል፤ ግሱ ሌላ ፍጡር ሆኖ ቁጭ ይላል። ወዳጄ ከእነዚህ መካከል ጥፋትን ወደ ሌላ ሰው ለማሻገር የሚያገለግሉትን ለቅሞ ለተማሪዎቹ ሰጣቸው። «ፒን ኦን» አለ፤ ጥፋትን እንደ ወረቀት በሰው ደረት ላይ በመርፌ መሰካት ነው። «ደምፕ ኦን»፤ እንደ ቆሻሻ በሰው ላይ መድፋት። «ሽረግ ኦፍ»፤ ትከሻን ነቅነቅ አድርጎ ማራገፍ። «ዊግል አውት»፤ እንደ ትል ተጥመልምሎ ከኃላፊነት ማምለጥ። «በሉ እንግዲህ አማርኛውን አምጡ» አላቸው።

ተማሪዎቹ አማርኛውን አዘነቡለት። አላከከ። አሳበበ። ደፈደፈ። ለጠፈ። ጫነ። አሸከመ። ጣቱን ቀሰረ። እጁን ታጠበ። ሰሌዳው ሞላ። ለእንግሊዞቹ አንድ ቃል እኛ ሁለትና ሦስት ከፈልን። ወዳጄ በመጨረሻ «ኦውን አፕ» የሚለውን ጻፈላቸው። ይኼኛው ተቃራኒው ነው፤ ማንም ሳያስገድድህ ቀድመህ ወጥተህ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» ማለት። ክፍሉ ዝም አለ። ቆየት ብሎ አንዷ «አመነ» አለች። አንዱ ደግሞ «ተናዘዘ» አለ።

«ልብ አድርግ» አለኝ ወዳጄ፤ «አመነ የፖሊስ ጣቢያ ቃል ነው። ተናዘዘ የነፍስ አባት ቃል ነው። እኔ የፈለግሁት ምሳ ላይ የሚባለውን ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ሥራ አላጣም። እስኪ እናንተም ሞክሩት። ብርጭቆ ከእጃችን አምልጦ ሲሰበር ምን እንላለን? «ሰበርኩት» የሚል አይጠፋም፤ አብዛኞቻችን ግን «ተሰበረብኝ» ነው የምንለው። ይህችን ቃል ደኅና አድርጋችሁ እዩዋት። «ተ» ከፊት ትገባና ሰባሪውን ከቤት ታስወጣዋለች፤ ብርጭቆው በገዛ ፈቃዱ ተሰበረ። «ብኝ» ደግሞ ከኋላ ትመጣና እኔን ተጎጂ ታደርገኛለች። በአንዲት ቃል ውስጥ ጥፋተኛ ወጣ፣ ተበዳይ ገባ፤ ተበዳዩም ያው ሰባሪው ነው! እንዲያውም አጠገቤ ያለ ሰው «አይዞህ» ይለኛል።

«ረፈደብኝ» ስንልም ያው ነው፤ ጊዜው በእኔ ላይ ተነሥቶ ረፈደ። «እንቅልፍ ጣለኝ»። «ስልኩ ጠፋብኝ»። «አውቶቡሱ አመለጠኝ»። አውቶቡሱ እኮ የሄደው በሰዓቱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውጤቱን ሲነግራችሁ ደግሞ ስሙት። ደኅና ከሠራ «ኤ አገኘሁ» ይላል። ከወደቀ «ኤፍ ሰጠኝ» ነው የሚለው። ኤ የተማሪው ነው፤ ኤፍ የመምህሩ።

አንባቢ «ይኼ የእኛ ብቻ ዐመል አስመሰልከው» እንዳይለኝ ልቅደም። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የአሜሪካ መንግሥት ለኢራን በሥውር መሣሪያ ሸጦ በተያዘ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ለምክር ቤቱ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር ከባድ ስሕተቶች መፈጸማቸውን ተናግረዋል። ስሕተቶች ተፈጸሙ፤ በማን? ንግግሩ ላይ ፈጻሚ የለም። ያው የእኛዋ «ተ» ናት፤ ዋይት ሐውስ ገብታ ከረባት አሰረች። ደግሞም «ተሰበረብኝ» ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። «ሆን ብዬ አይደለም፤ አዝኛለሁ» የሚል ትሕትናም አለባት። ችግሩ የሚመጣው ለብርጭቆ የተፈጠረችው ቃል አድጋ ቢሮ ስትገባና ሐይቅ ላይ ስትወጣ ነው።

ግን ይህን ሰዋስው ማን አስተማረን? ቤት ነው የተማርነው። አባት ቀበቶውን እየፈታ «ማነው የሰበረው? እውነቱን ከተናገርክ አልመታህም» ይላል። ልጁ እውነቱን ይናገራል። ይመታል። በሚቀጥለው ጊዜ ብርጭቆው ብቻውን ይሰበራል። እኔ ባደግሁበት ሠፈር ለተሰበረው ሸክላ፣ ለተደፋው ወተት፣ ለጎደለው ሥጋ ሁሉ ተጠያቂ የነበረች አንዲት ድመት ነበረች። ምስኪን! አንዳንዱን አድርጋው ሊሆን ይችላል። ያንን ሁሉ ግን አንዲት ድመት አትችለውም።

እነዚያ ልጆች አድገው ሥራ ያዙ።

ባለፈው ዓመት ለአንዲት ፊርማ ብዬ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ቢሮ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር፤ የምታውቁት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው መስኮት «ይኼ እኛን አይመለከትም፤ የሚመለከተው ክፍል አለ» አለኝ። የሚመለከተው ክፍል «ሲስተም የለም» አለኝ። ሦስተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። አራተኛዋ ልጅ በጣም ጨዋ ናት፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከላይ የመጣ መመሪያ ስለሆነ ነው» ብላ ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች። ከላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነበር። አንዳቸውም ግን አልዋሹኝም። ኔትወርኩ በእርግጥ ጠፍቶ ነበር፤ ሰውየውም በእርግጥ ስብሰባ ላይ ነበሩ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚሉት አበው ነገሩን ሳያውቁት አልቀሩም። የእኔ ጉዳይ ያ ግንድ ነበር። ከዳር ዳር ተላጋ እንጂ አንድም ቦታ አላረፈም።

«ኃላፊ» የሚለው ቃል ራሱ ያስቀኛል። ሥሩ ማለፍ ነው። ሰዋስው ስንማር «ኃላፊ ጊዜ» ያልነው ያለፈውን ጊዜ ነው። ሽማግሌዎች «ይህ ዓለም ኃላፊ ነው» ሲሉ የሚያልፍ፣ የማይቆይ ማለታቸው ነው። የመሥሪያ ቤቱን አለቃም «ኃላፊ» እንለዋለን። ለአለቃ የሰጠነው ስም የሚያልፍ ሰው ማለት ከሆነ፣ ጉዳያችን በእጁ ላይ አለመቆየቱ ምን ያስደንቃል? አሜሪካዊው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጠረጴዛቸው ላይ «ነገሩ እዚህ ይቆማል» የሚል ትርጉም ያላት ሰሌዳ አስቀምጠው ነበር። ከዚህ በኋላ የማሻግርበት ሰው የለም ማለታቸው ነው። ሰሌዳዋ የተሠራችው ኦክላሆማ ውስጥ ባለ አንድ ማረሚያ ቤት ነው። ጥፋቴን የማሻግርበት ቦታ የለኝም ማለትን ከእስረኛ የተሻለ ማን ያውቃል!

የስብሰባና የሪፖርት አማርኛችን ግን ሰሌዳዋን አልተቀበላትም። «ክፍተት ታይቷል» እንላለን፤ ክፍተቱን ማን ከፈተው? «የግንዛቤ እጥረት ተስተውሏል»፤ ያጠረው የማን ግንዛቤ ነው? ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ሥርዓት አብዮቱ አምጥቶልን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመንም ግምገማ ብሎ ቀጠለበት። በስም ሲታይ ሰው ጥፋቱን የሚናገርበት መድረክ ነው። በተግባር ግን የተናገረ እንደዚያ እንደ ልጁ ይመታል፤ ስለዚህ ሰው የሚናዘዘው የማያስቀጣውን ነው። «አንዳንዴ ከልክ በላይ እሠራለሁ፤ ለጤንነቴ አልጠነቀቅም» ይላል ግለ ሂሱ።

እስከዚህ ድረስ ብንስቅበት የሚያስከፍለን ጊዜና ጫማ ነው። ጣና ላይ ሲሆን ግን ሳቁ ያቆማል።

ስለ ሐይቁ የምንናገርባቸውን ግሶች ስሙ። «እምቦጭ ጣናን ወረረው» እንላለን። አረሙ ባለቤት ነው፤ እኛ ተወራሪዎች ነን። ውሃው ለቆት የሚታረሰውን የዳር መሬት ደግሞ «ባሕር ሸሽ» እንለዋለን። ውብ ቃል ናት፤ ባሕሩ እንደ ፈራ ሰው ተነሥቶ ሸሸ። ማን እንዳሳደደው ቃሏ ውስጥ የለም። ጥሩ ነገር ሲመጣ ግን ሰዋስዋችን ወዲያው ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው «አስመዘገብን» ነው ያልነው። ኤ አገኘን። እምቦጩን ግን ሰጡን።

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተንሳፋፊ ተክል ነው። በአገራችን ቆቃና አዋሽ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የተነገረው ደግሞ በ2011 ነው። በሁለቱ መካከል 46 ዓመት አለ። ሕፃን ተወልዶ ጎልማሳ የሚሆንበት ዕድሜ ማለት ነው። ድንገት የመጣብን እንግዳ አልነበረም። ደግሞም ይህ አረም አየር በልቶ አይኖርም። የሚበላው ውሃው ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ምግቡን ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሐይቁን ሸፍኖ ለዓሣው ብርሃንና አየር ይነሣል፤ መረብ ይበጣጥሳል፤ ታንኳ አያስኬድም። ታዲያ ጥያቄው «ማን አመጣው?» ብቻ ሳይሆን «ማን መገበው?» ጭምር መሆን ነበረበት።

እኔም ይህንኑ እየጠየቅሁ ዳር ዳሩን ዞሬአለሁ። ባሕር ዳር ወደብ ላይ አንድ ወጣት ጀልባ ነጂ «ጋሼ፣ ይኼ የገበሬው ማዳበሪያ ነው። ከፎገራና ከደምቢያ እየታጠበ የሚገባውን አላየህም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከእርሻው አፈሩንም ማዳበሪያውንም ይዘው ነው ሐይቁ ውስጥ የሚገቡት። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ አንድ አዛውንት ደግሞ «ልጄ፣ ማዳበሪያውን እንካችሁ ብለው በር ድረስ ያመጡልን እነሱ አይደሉም ወይ? ይልቅ የከተማችሁ ሽንት ቤት ወዴት እንደሚፈስ ጠይቅ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ባሕር ዳር በሕንፃም በሕዝብም ስታድግ የፍሳሽ ማጣሪያዋ አብሯት አላደገም። አንድ የሆቴል ባለቤት «እኔ ግብር እከፍላለሁ፤ መስመሩን መዘርጋት የከተማው ነው» አለኝ። እውነት። አንድ ባለሙያ «ጥናቱ አለ፤ በጀቱ ነው የሌለው» አለኝ። እውነት። ማጨጃ ማሽኖቹ ለምን እንደቆሙ ስጠይቅ መለዋወጫ፣ ነዳጅ፣ ኦፕሬተር ተባልኩ። ይኼም እውነት።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ ማላከክ የውሸት ዘመድ ይመስለኝ ነበር። ጣና ዳር ግን ሁሉም እውነት ተናገረ። እያንዳንዱ የሌላውን ድርሻ አንድ ሳይቀር ያውቀዋል። የገበሬውን ድርሻ ከጀልባ ነጂው፣ የከተሜውን ድርሻ ከገበሬው፣ የመንግሥትን ድርሻ ከሆቴሉ መስማት ይቻላል። የቀረው ያንኑ እውነት ከባለቤቱ አፍ መስማት ነው። ስለ ሐይቁ የሚያስፈልገው ዕውቀት በሙሉ ዳሩ ላይ ተሰጥቷል፤ የተሰጣው ግን በጎረቤት አጥር ላይ ነው።

የውሃው መጠንም ታሪክ ያው ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ የሐይቁን ፍሰት የሚቆጣጠር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ተሠራ፤ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃ ለማድረስ ነው። በ2003 ሐይቁ እጅግ ዝቅ አለ፤ መርከቦችም ለመሄድ ተቸገሩ። «ዝናቡ አነሰ» ተባለ። ዝናቡ በእርግጥ አንሶ ነበር። ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃም ድርሻ እንደነበረው በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ጽፈዋል። ዝናብ ግን ጥሩ ተከሳሽ ነው፤ ይግባኝ አይልም። እንደ ሠፈራችን ድመት ነው።

እንግዲህ አማርኛ እንዲህ ከሆነ ምን እናድርግ፣ ቋንቋ እንቀይር? አያስፈልግም። ይኸው ቋንቋ ሌላም ነገር አስቀምጦልናል። ቀድሞ በአገራችን አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ መበተን የለም። የቀረ ይቀጣል። እኛ ዛሬ የምናደርገው ስብሰባ የዚህ ግልባጭ ሆኗል፤ ጥፋተኛው ታውቆ እንገባና ጠፍቶ እንወጣለን። አውጫጭኝን ግን እንዲሁ አላሞግሰውም። ሰው ከእርሻው ተነጥሎ ፀሐይ ላይ ይውልበት ነበር፤ ቂም ያለውም ቂሙን ይወጣበት ነበር። በዚያው ዘመን ደግሞ ለልጅ መድኃኒት አጠጥተው የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ የሚሉበት ሌባ ሻይ ነበር። ጥፋተኛ ለማግኘት መጓጓት ብቻውን ፍትሕ እንደማያመጣ ያ ልጅ ምስክር ነው።

እኔን የሚማርከኝ ሌላው ነው፤ ተጠየቅ ልጠየቅ። የድሮው ሙግት ስሙ ይኸው ነው። ሁለት ባላጋራዎች ሜዳ ላይ፣ አንዳንዴም መንገደኛውን ዳኛ አድርገው፣ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል። ሌላውም ይጠየቃል፤ ተራው ሲደርስም ይጠይቃል። ዛሬ በየሪፖርቱ የምናነበው «ተጠያቂነት» የሚለው ከባድ ቃል የዚህ ዘር ነው። ግማሹን ብቻ ነው የወረስነው። «ተጠየቅ» ማለትን ሁላችንም እንችልበታለን፤ በሬዲዮ፣ በቡና ቤት፣ በፌስቡክ ስንለው እንውላለን። «ልጠየቅ» የሚለው ሁለተኛው ግማሽ ግን ሜዳው ላይ ቀረ። ወዳጄ በክፍሉ ውስጥ አማርኛ ያጣለት ያ የእንግሊዝኛ ግስ አማርኛው ይኼ ይመስለኛል። ፖሊስም ቄስም አያስፈልገውም። «ልጠየቅ» የሚል ሰው ቆሞ ነው የሚለው፤ አንገቱንም አይደፋም።

ይህን ቃል በአፋቸው ሳይሉት በእጃቸው ያሉትን ሰዎች አውቃለሁ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር በተደረገው ዘመቻ፣ ከዚያም በፊት በየዓመቱ፣ የጣና ዳር ገበሬዎች ውሃው ውስጥ ገብተው እምቦጩን በባዶ እጃቸው እየነቀሉ ዳር አውጥተዋል። ውሃው ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል፣ የሚያሳክከው ቆዳ፣ የቀረባቸው የሥራ ቀን ሁሉ የእነሱ ነበር። ማን እንዳመጣው ቢጠየቁ ዝርዝር አያጡም ነበር፤ ግን ገቡበት። አረሙ ተመልሶ ያደገው እነሱ ስለሰነፉ አይደለም። እነሱ ሲነቅሉ ሌላው መመገቡን ስላላቆመ ነው። ቱቦው ያው ቱቦ ነው፤ አፈሩም ያው አፈር።

ስለዚህ ከትልቁ ጥያቄ በፊት አንድ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ፤ ለሆቴሉም፣ ለቢሮውም፣ ለእርሻውም፣ ሐይቁ ዳር ምሳ በልተን የውሃ ላስቲካችንን ትተን ለምንሄደውም። ከዚህ ውስጥ የእኔ የትኛው ነው? የሌላውን ድርሻ ለመንገር ጎረቤት ሞልቷል። ለሚመልስም ሰው ቀበቶ መፍታት ይቅርብን፤ እውነት በተናገረ ቁጥር የሚመታ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ድመቷን ነው የሚጠራው።

ጽሑፌን «በአገራችን ልጠየቅ የሚል ሰው ጠፋ» ብዬ ልዘጋው አስቤ ነበር። አየሁት፤ እሱም እንደ ብርጭቆው በራሱ የጠፋ አስመሰልኩት። በመታነው ቁጥር ያጠፋነው እኛ ነን።